በሞቴ የሚል ሰው ያልነበረበት ስብሰባ

ያቺ ልጅ ዛሬ በአገሯ ትልቁ ምክር ቤት ውስጥ ወንበር አላት። ጀርመናዊት ናት፣ ሙያዋም ጥብቅና ነው። እኔ ዘንድ በኖረችበት ጊዜ ግን የራሷ ወንበር አልነበራትም። ግቢዬ ውስጥ አንዲት አጭር የእንጨት ዱካ ነበረች፤ እሷ ላይ ተቀምጣ፣ ጉልበቷ አገጯ ድረስ እየመጣ፣ ሽንኩርት ትልጥልኝ ነበር። ወሰን ሰፈር ካለው ቤቴ ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ለትንሽ ጊዜ ብላ ተከራይታ፣ ዘንድሮ እሄዳለሁ ከርሞ እሄዳለሁ ስትል ብዙ ቆየች።

ጠበቃ የነበረች ሴት እንዴት የሕዝብ እንደራሴ እንደሆነች ሰው ሲያነሣ፣ እኔን ጠይቁኝ እላለሁ። ችግሩ አካሄዴ ነው። ልጆቼ "እማዬ፣ አንቺ እኮ ወሬ ስትጀምሪ መገናኛ ለመድረስ በእንጦጦ ትዞሪያለሽ" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ በእግሬም እንደዚያው ነኝ። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ፣ ጋራዦቹን አልፌ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም ብዬ፣ የማላውቀው መንደር ገብቼ፣ ዳቦውን ረስቼ የምመለስ ሴት ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ልጆቼ የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጬ ምስር ስለቅም ነው። ስለዚህ እንደማወራው እጽፋለሁ። ብዞርም እደርሳለሁ።

ልጅቷን ያመጣት ደላላ ነው። መገናኛ አካባቢ፣ ጠበቃ ማቆም ለማይችሉ ሴቶች የሕግ ምክር የሚሰጥ ቢሮ ውስጥ ነበር የምትሠራው። የልጅ ቀለብ የተከለከለች፣ ከኖረችበት ቤት ውጪ የተባለች፣ እንዲህ ያሉት ሁሉ እዚያ ይመጣሉ። የኛ ጠበቆች ፍርድ ቤት ቆመው ሲከራከሩ እሷ ከኋላ ሆና ታግዛለች። ማታ ስትመለስ ፊቷን አይቼ የቀኑ ውሎ እንዴት እንደነበር አውቃለሁ። የተረታች ሴት ካለች እራቷን አትበላም።

አማርኛዋን ከየት እንዳመጣችው አትጠይቁኝ። የመጀመሪያዎቹን ቃላት ያስተማሯት የታክሲ ረዳቶች ናቸው መሰለኝ፣ የግቢዬን በር እየደበደበች "ወራጅ አለ!" ትለኝ ነበር፤ ክፈቱልኝ ማለቷ ነው። እኔም "ሒሳብ!" እያልኩ እከፍትላታለሁ። ኋላ ግን ጥሩ አድርጋ ቻለችው። ቀልዱንም፣ ሽሙጡንም፣ ሁሉንም።

አንድ ነገር ብቻ አቃታት፤ መግደርደር።

ከደቡብ የመጣች ባለሱቅ ጎረቤት አለችኝ፣ የዕድሜ እኩያዬ፣ ምላሷ ስለት። በአረፋ ቀን ቤቷ ጠርታን፣ ቆጮና ክትፎ ቀርቦ፣ ገና "ልጨምርላችሁ" ከማለቷ ልጅቷ ሳህኗን ዘረጋች። ቤቱ ሙሉ ሰው ሳቀ።

"ይቺስ ጨዋ ናት!" አለች ባለሱቋ። "እንደናንተ ጊዜዬን አታባክንም።"

በሌላ ቀን ደግሞ ሌላ ቤት ሄደን ልጅቷ "በቃኝ" አለች። ከልቧ ነው። ማን ይሰማታል? አጎረሷት። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ተናደደች።

"እማማ፣ በቃኝ ብያለሁ እኮ። በግልጽ ተናግሬያለሁ። ታዲያ ለምን ያስገድዱኛል?"

"ትከሺያቸዋለሽ?"

"ብከስ እረታለሁ" አለች፣ ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

ያን ዕለት ነው ቁጭ አድርጌ ያስተማርኳት። "ስሚኝ ልጄ። ሰው ሲሰጥሽ መጀመሪያ 'አይ፣ ይበቃኛል' በይ። ሲደግምልሽ 'ኧረ ተዉ' በይ። 'በሞቴ' ያለሽ ጊዜ እጅሽን ዘርጊ። በሞቴ ከተባለ በኋላ እምቢ ማለት ነውር ነው።"

"ቢርበኝስ?"

"ቢርብሽም።"

"በሞቴ ሳይሉኝ ቢቀሩስ?"

"እንዴት ተደርጎ!" አልኳት። "በሞቴ የማይል ሰው ከየት ይመጣል?"

ከምግብ አልፎ ለሌላም እንደሚሆን ያየችው በዕድራችን ስብሰባ ላይ ነው። የሴቶቹን ክፍል የምትመራው ሴት ቤቷን ሸጣ ሰፈር ልትለቅ ስለነበር በእሷ ምትክ ሰው ይመረጣል ተባለ። እኔ ቦታውን ፈልጌው ነበር። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ዕቃው ሁሉ ድብልቅልቁ ይወጣል፣ ድስት ያለ ክዳኑ ይመጣል፣ ሐዘንተኛዋ ራሷ ብርጭቆ ስትፈልግ ትገኛለች። በእኔ ጊዜ እንዲህ አይሆንም እያልኩ በልቤ ስደረድር ከረምኩ።

ስብሰባውን የሚመሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ይህ ሁሉ ቤት የተሠራበትን መሬት በወጣትነታቸው ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ በአማርኛ ጀምረው፣ ሲቆጡ በኦሮምኛ ይቀጥላሉ፣ ሁላችንም እንሰማቸዋለን። "እንግዲህ ማንን እናድርግ?" አሉ።

ባለሱቋ ብድግ ብላ ወደኔ ጠቆመች። "እሷን ነው እንጂ! ሌላ ማን አለ?"

"እኔ?" አልኩ፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ። "ኧረ በሕግ! ያልተማርኩ ሴት፣ ጉልበቴም ደክሟል። የተሻሉ ሰዎች አሉ።"

"የለም!" አሉ ሴቶቹ።

"ኧረ ተዉኝ።"

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ። "እህቴ፣ በሞቴ። ይኸው ቆሜ ነው የምለምንሽ።"

"ኧረ ይቀመጡ ጋሼ፣ በእኔ ምክንያት አይቆሙም። እንግዲህ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ" አልኩ። እልልታው ቀለጠ።

ልጅቷ ከኋላዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "እማማ፣ አይፈልጉትም እንዴ?" አለችኝ።

"ምን ማለትሽ ነው! ድስቶቹን በሐሳቤ ከደረደርኳቸው ቆየሁ።"

ቤት ስንደርስ፣ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ እንዲህ አለች፤ "ገባኝ። ለምኖ ያስነሣዎት ሰው ኋላ ሥራው ሲከብድ ብቻዎን አይተውዎትም። ቆሞ ለምኗላ። ሁሉም ሰምቶታል።" እኔ ዕድሜ ልኬን ስግደረደር እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም። ጠበቃ ጠበቃ ነው፣ የዱሮውን ነገር ገልብጦ ከሥሩ ያለውን ያሳይሻል። ከዚያ ወዲያ መግደርደሩን ከኛ አስበልጣ ተካነችበት። ባለሱቋ እንኳ "ይቺን ልጅ ለማጉረስ ሽማግሌ መላክ ሊኖርብን ነው" እስክትል።

ከዚያ ወደ አገሯ ተመለሰች። የራሷን የጥብቅና ቢሮ ከፈተች። ብዙውን ጊዜ የምትቆመው ከቤት ለሚባረሩ ተከራዮች ነው። "እኔ አከራይ ነኝ፣ በኔ ላይ ነው የምትከራከሪው?" እላታለሁ፤ እሷም "እማማ፣ የሚያንጠባጥበውን ጣራ እስኪያሠሩልኝ ስንት ክረምት አለፈ?" ትለኛለች። እሑድ እሑድ፣ በስልክ፣ መልኳ እየታየኝ እናወራለን። በሥራው እያለች ፓርቲ ገባች፣ የከተማዋ ሰው አወቃት።

አንድ እሑድ ፊቷ ቀልቶ ደወለች። አካባቢያቸውን ወክለው በምክር ቤቱ የነበሩት አዛውንት ጡረታ ሊወጡ ነው። የፓርቲው አባላት ተሰብስበው በእሳቸው ቦታ የሚወዳደር ዕጩ ይመርጣሉ።

"ስሜን የሚጠራ ሰው አለ፣ ነግረውኛል" አለች።

"አንቺስ?"

"እፈልገዋለሁ እማማ። በጣም እፈልገዋለሁ። ፍርድ ቤት ቆሜ አንድ ቤተሰብ ከቤቱ እንዳይወጣ አደርጋለሁ። በማግሥቱ በዚያው ሕግ ሌላ ቤተሰብ ይወጣል። ሕጉ የሚጻፍበት ቦታ መቀመጥ አለብኝ።"

እንዲህ ስትፈልግ አይቻት አላውቅም። በወሩ የኪዳነ ምሕረት ቀን እንጦጦ ወጥቼ ጧፍ አበራሁላት። የስብሰባው ዕለት ስልኬን ከእጄ ሳልለይ ባለሱቋ ደጃፍ ተቀምጬ ዋልኩ።

ስትደውል ድምፅዋን አላወቅሁትም።

"አንድ ሰው ተነሥቶ ስሜን ጠራ" አለች። "አዳራሹ ሙሉ ዞሮ አየኝ።"

"እሰይ! ምን አልሽ?"

"'አመሰግናለሁ፣ ከኔ የተሻሉ ሰዎች እዚህ አሉ' አልኩ።"

"ጎሽ፣ የኔ ጨዋ! ከዚያስ?"

"ከዚያ ጠበቅሁ።"

"እሺ?"

"ሰብሳቢው 'ውሳኔሽን እናከብራለን' አለና ወደሚቀጥለው አለፈ።"

ባለሱቋ ስልኩ ውስጥ ልትገባ ደርሳለች። "በሞቴ ያለ ሰው የለም?" አለች ጮክ ብላ።

"የለም።"

"አንድ ሽማግሌ እንኳ?"

"አንድም! እኔማ ተነሥቼ 'በሞቴ በሉኝ እንጂ' ልላቸው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ አንድ ወጣት ብድግ ብሎ 'እኔ ዝግጁ ነኝ፣ ሥራውንም እችለዋለሁ' አለ። አጨበጨቡለት። አለቀ።"

"ምነው፣ አያፍርም?" አልኩ።

"አያፍርም እማማ። እዚህ እንደዚያ ነው የሚባለው። እኔ እኮ እዚሁ ነው የተወለድኩት፣ አውቀዋለሁ። ስሜ ሲጠራ ግን ከአፌ የወጣው የወሰን ሰፈሩ ነው።" ይህን ብላ መሳቅ ጀመረች፣ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ሄደ፣ ስልኩን ዘጋችው።

ባለሱቋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደኔ ዞረች። "አየሽ? እኔ ቤት ሳህኗን እንደዘረጋች ብትተያት ኖሮ ዛሬ ሚኒስትር ነበረች!"

"ያስተማርኳት ለዚህ ሰፈር ነው" አልኳት። "ዣንጥላ የሰጠኋት ለክረምት ነው፣ በበጋ ይዛው ብትወጣ እኔ ምን ላድርግ።" ጥፋቱን አልተቀበልኩም፣ ዛሬም አልቀበልም። ልማዳችን በቤቱ ያምራል። ግን ልጅቷ ለምትፈልገው ነገር እንድትበቃ ማድረግ አለብኝ ብዬ ያን ቀን ወሰንኩ።

ወጣቱ ተወዳደረ፣ ምክር ቤት ገባ። እሷ ወደ ተከራዮቿ ተመለሰች። የወጣቱ የሥራ ዘመን ሊያልቅ ሲል፣ ዕጩ የሚመረጥበት ስብሰባ እንደገና ሳይደርስ፣ ዕረፍት ወስዳ እኛ ጋ መጣች። ኪዳነ ምሕረት እንሂድ አልኳት። ከወሰን መገናኛ፣ ከመገናኛ ሌላ ታክሲ ይዘን፣ መኪና መሄድ እስከሚወድበት ሄድን፤ ቀሪውን በእግር። ዳገቱ ላይ እኔ ነኝ የምቀድማት። ባሕር ዛፉ ነፋስ ሲያገኘው ዝናብ የመጣ ያስመስላል፣ እሷ ሁልጊዜ ቀና ብላ ሰማዩን ታያለች።

ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመን ስንመለስ ደክሟት ቆመች።

"በዚህኛው ስብሰባ ስሜን የሚጠራም ላይኖር ይችላል" አለች። "እምቢ ብላለች ብለው ትተውኛል። ራሴ ተነሥቼ እፈልጋለሁ ማለት አለብኝ።"

"ታዲያ በያ።"

"አልችልም። ለሌላ ሰው ስከራከር ዳኛው እንኳ አያስቆመኝም። ስለራሴ ስናገር ግን እርስዎ ነጠላዎን ፊትዎ ላይ ሲስቡ ይታየኛል።"

የተቆረጠ ግንድ መንገዱ ዳር ተጋድሟል። እሱ ላይ ተቀመጥኩ። "በይ፣ እኔ ሰብሳቢ ነኝ። ራስሽን እርዳታ ፈልጋ ወደ ቢሮሽ እንደመጣች ሴት ቁጠሪያት፣ ለእሷ ተከራከሪ። መወዳደር የሚፈልግ ሰው አለ?"

"እ... ምናልባት እኔ..."

"አልተሰማም!"

ጸበል በጄሪካን የተሸከሙ ሴቶች ከኋላችን ይወርዱ ነበር፣ ቆሙ። "ደግሞ ምን ሆናችሁ?" አለች አንዷ።

"ምርጫ ነው" አልኳት።

"የምን ምርጫ?"

"ለጀርመን ምክር ቤት።"

ሴትዮዋ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። "ታዲያ ጮክ በይ እንጂ ልጄ፣ ጀርመን ሩቅ ነው!"

ሁላችንም ሳቅን። ልጅቷ ግን ስትስቅ አንድ ነገር የለቀቃት መሰለኝ። ቀጥ ብላ ቆመች። "እኔ እወዳደራለሁ!" አለች። "ሥራውን አውቀዋለሁ፣ እችለዋለሁ፣ ምረጡኝ!" ጫካው ተቀበላት። ሴቶቹ ጄሪካናቸውን አስቀምጠው እጃቸውን አወጡ። እኔም አወጣሁ። "በሙሉ ድምፅ ተመርጠሻል" አልኩና ግንዱን በእጄ መታሁት። ያችው ሴትዮ ጄሪካኗን መልሳ እየተሸከመች "ስትገቢ ለኛም ውሃ አስገቢልን" አለቻት።

ወደ አገሯ ሄደች። የስብሰባው ቀን ደረሰ። እንደ በፊቱ ባለሱቋ ደጃፍ ነበርኩ፣ ያን ዕለት ግን ልቤ አልፈራም። ግንዱ ጋ ያየሁትን አይቻለሁ።

ነገሩን እሷ እንደነገረችኝ ላስቀምጠው። ወጣቱ ቦታውን መልቀቅ አልፈለገም፣ እንደገና ተነሥቶ ተናገረ። ሰብሳቢው ሌላ የሚወዳደር አለ ወይ ብሎ ሳይጨርስ እጇን አውጥታ ነበር። እችለዋለሁ አለች፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ቤት፣ በየፍርድ ቤቱ ስላየቻቸው ሰዎች ተናገረች። ከዚያ አንድ ሰው "ባለፈው ስንጠራሽ አልፈልግም ብለሽ አልነበረም?" ብሎ ጠየቃት።

"እሱ ነበር የፈራሁት ጥያቄ" አለችኝ። "እውነቱን ነገርኳቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በኖርኩበት ሰፈር ሰው ሲጠራ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ሰዉ ይለምነዋል አልኳቸው። የዕድሩን ስብሰባ፣ የእርስዎን ነጠላ፣ ቆመው የለመኑዎትን አባባ፣ ሁሉንም አወራሁላቸው። ቁጭ ብዬ ልመናችሁን ስጠብቅ ነበር፣ አሁንም አለሽ ወይ ብትሉኝ አለሁ አልኳቸው።"

"ምን አሉ?"

"ሳቁ። ብዙ ሳቁ። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ።"

"እ?"

"በጥቂት ነው እማማ። ግን አሸነፍኩ።"

ባለሱቋ እልል ስትል ጋራዡ ውስጥ መኪና ሥር የተኛው መካኒክ ሳይቀር ወጥቶ ምን ተገኘ አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ለእሷ ቀላል ነበር ባልልም፣ የምታውቀው ሥራ ነበር። ቤት ለቤት እየዞረች በር አንኳኳች። እኔ የመከርኳት አንድ ነገር ነው፤ ገና እንደገባሽ ስለ ራስሽ አታውሪ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው መጀመሪያ ተቀመጪና አዳምጪ። በምርጫው ቀን ሕዝቡ መረጣት። አሁን ሕግ በሚታይበት ኮሚቴ ውስጥ ናት፣ ያንን የቤት ነገር እየተሟገተችበት ነው። ገና አላለቀም ትለኛለች፣ ያልቃል እላታለሁ።

የመጀመሪያ ንግግሯን ከልጆቼ አንዷ በስልክ አሳየችኝ። አንድም ቃል አልገባኝም። ግን መናገሪያው ጋ ስትደርስ፣ ከመጀመሯ በፊት፣ ከፊት ለተቀመጡት አዛውንቶች ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። ሌሎቹ ሲወጡ ሲወርዱ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያደረገ የለም። ይህን ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ።

ባለፈው ከሌሎች የምክር ቤት ሰዎች ጋር ለሥራ መጥታ ነበር። ያረፉት ትልቅ ሆቴል ነው። በምሳ ሰዓት ከእነሱ ተነጥላ፣ ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ወሰን ወረደች። በሩ ተደበደበ። "ወራጅ አለ!"

"ሒሳብ!" ብዬ ከፈትኩላት።

ጨጨብሳ ሠርቼ ነበር፣ በማር። ባለሱቋም ሱቋን ዘግታ መጣች። ልጅቷ ገብታ ሶፋውን አልፋ ያቺን ዱካ ከጥግ ጎተተች።

"ወንበር አለልሽ እኮ" አልኳት።

"ወንበር እዚያ አለኝ" አለች፣ ጉልበቷ አገጯ ድረስ መጣ።

በላች፣ እየበላች የኮሚቴውን ነገር አወራችን። ሳህኗ ባዶ ሲሆን ማንኪያውን ሞልቼ አነሣሁ።

"አይ እማማ፣ ይበቃኛል።"

እጄ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ልጅቷ አሁን የሁለት ቦታ ሰው ናት። እዚያ ሰው በቃኝ ካለ በቅቶታል። በዚያ ላይ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለብኝ ብላናለች።

"ምን ያስፈጥጥሻል፣ ጠይቂያት እንጂ!" አለች ባለሱቋ። "የወሰን ነው የጀርመን?"

ልጅቷ ሳህኗን በመዳፏ ከድና ቁልቁል አየች፣ የከንፈሯ ጫፍ ግን አላስችል ብሎት ፈገግ ብሏል።

"በሞቴ" አልኳት።

ሳህኗን ዘረጋች፤ ድስቱ ውስጥ የቀረውን ሁሉ ገለበጥኩላት።